ሁለት ግራፊክስ ካርድ በአንድ ማዘር ቦርድ፦ ርካሹ ይበቃልን?

ከይፋግ የመጣ አንድ ተማሪ ባለፈው መንፈቅ ዓመት ቢሮዬ ገብቶ የሁለት ማዘር ቦርዶች ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት አሳየኝ። የአንዱ ዋጋ የሌላውን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ሻጩ «ርካሹም ሁለት ግራፊክስ ካርድ ይይዛል» ብሎታል። ገንዘቡ ቤተሰቦቹ ከሩዝ ሽያጭ ያጠራቀሙት ስለ ነበር ስሕተት የሚሸከም አልነበረም። ሻጩ አልዋሸም፤ ነገር ግን «ይይዛል» ማለትና «ያሠራል» ማለት ለየቅል ናቸው።

ግራፊክስ ካርድ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚነጋገረው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባሉ መስመሮች አማካይነት ነው። የሦስተኛው ትውልድ አንድ መስመር በሴኮንድ ወደ 1 ጊጋባይት የሚጠጋ መረጃ ያሳልፋል፤ የሁለተኛው ትውልድ መስመር ደግሞ የዚህን ግማሽ። የተለመደው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ለግራፊክስ የሚያወጣው 16 መስመር ነው። የተሻለው ቦርድ እነዚህን ለሁለቱ ካርዶች 8 ለ8 ያካፍላል። ርካሹ ግን 16ቱንም ለመጀመሪያው መሰኪያ ይሰጥና ሁለተኛውን ከቺፕሴቱ በሚወጡ 4 መስመሮች ብቻ ያገለግለዋል። መሰኪያው ሲታይ እንደ መጀመሪያው ረጅም ነው፤ ከበስተኋላው ያለው ሽቦ ግን ሩቡ ነው። ከዚህም በላይ ቺፕሴቱ የዲስኩን፣ የኔትወርኩንና የዩኤስቢውን መረጃ በዚያው በር ያስተላልፋል። ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ገበያና የቀረጥ ኬላ ነበረች፤ ስለዚህ ለተማሪዬ ነገሩን ለማስረዳት ሲራራ ነጋዴው ሁሉ በአንድ ኬላ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ማስታወስ በቂ ነበር።

በወረቀቱ ላይ የነበረው ርካሹ ቦርድ በኤኤምዲ ቢ450 ቺፕሴት የተሠራ ነው። ይህ ቺፕሴት የሚያወጣቸው መስመሮች የሁለተኛው ትውልድ ናቸው፤ በቢ550 ሦስተኛ ትውልድ ሆነዋል። ኤክስ470 የ16ቱን መስመሮች መከፈል ይፈቅዳል፤ ይሁን እንጂ አምራቹ ፈቃዱን ተጠቅሞበት እንደ ሆነ የሚታወቀው የቦርዱ መመሪያ ሲነበብ ነው። መመሪያውን አውርዶ ማንበብ አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ሰው ግን ሳጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ ይገዛል።

አሁን ልዩነቱን በቁጥር እንመልከት። አንድ ካርድ በ100 ሚሊ ሴኮንድ የሚጨርሰውን የስሌት እርምጃ ለሁለት ብንከፍለው እያንዳንዱ ካርድ 50 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጅበታል። በየእርምጃው መጨረሻ ካርዶቹ 40 ሜጋባይት መረጃ ይለዋወጣሉ እንበል። በሦስተኛው ትውልድ 8 መስመሮች ልውውጡ 5 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይወስዳል፤ ጠቅላላው 55 ይሆናል፤ ፍጥነቱም 1.8 ጊዜ ያድጋል። በሁለተኛው ትውልድ 4 መስመሮች ግን ልውውጡ 20 ሚሊ ሴኮንድ ስለሚፈጅ ጠቅላላው 70 ነው፤ ዕድገቱም 1.4 ጊዜ ብቻ። በሁለተኛው ካርድ ከወጣው ገንዘብ ግማሽ የሚሆነው ባከነ ማለት ነው።

ካርዶቹ እርስ በርስ የማይነጋገሩበት ሥራ ሲሆን ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ተማሪዬ የሚፈልገው ብሌንደር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር የአኒሜሽን ምስሎችን መሥራት ነበር። እዚህ እያንዳንዱ ካርድ ትዕይንቱን አንድ ጊዜ ይጭንና ድርሻውን ለብቻው ያሰላል። 8 ጊጋባይት በጠባቡ መሰኪያ ለመጫን 4 ሴኮንድ፣ በሰፊው 1 ሴኮንድ ያህል ይወስዳል፤ ለደቂቃዎች በሚዘልቅ ሥራ የ3 ሴኮንድ ልዩነት ከቁጥር አይገባም። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም፦ ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት ካርዶች እንደ ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ካርድ አይቆጠሩም፤ ትዕይንቱ በሁለቱም ላይ ይገለበጣልና።

ለጨዋታ ብሎ ሁለት ካርድ የሚገዛ ሰው ካለ ይተወው ባይ ነኝ። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2004 ያስተዋወቀው ኤስኤልአይ ዘመኑ አልፏል፤ ኩባንያው ከ2021 መግቢያ ጀምሮ ለአዳዲስ ጨዋታዎች የኤስኤልአይ ድጋፍ ማዘጋጀቱን አቁሟል።

በእኔ አስተያየት ከመስመሮቹ ይልቅ የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው። እያንዳንዳቸው 150 ዋት የሚበሉ ሁለት ካርዶች 300 ዋት ሙቀት ይለቃሉ። ማራገቢያዎቹ በሴኮንድ 0.03 ሜትር ኪዩብ አየር ቢያሳልፉ፣ በባሕር ወለል ላይ አየሩ ሳጥኑን አቋርጦ ሲወጣ በ8 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሞቆ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ወለሉ 72 በመቶ ገደማ ነው። ማራገቢያው የሚገፋው ይዘት አልተለወጠም፤ የሚገፋው ክብደት ግን ቀነሰ። በመሆኑም ጭማሪው ወደ 11.5 ዲግሪ ይደርሳል። ደብረ ታቦር ላይ ይህንን ብርዱ ይክሰዋል። ይፋግ ወርዳ ሜዳው ላይ ስለምትገኝ አየሯ ትንሽ ይወፍራል፣ ጭማሪውም ከ10 እስከ 11 ዲግሪ ነው፤ ሆኖም ክፍሉ ራሱ ስለሚሞቅ ካርዱ የበለጠ የሚቸገረው እዚያ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ካርዶች መካከል ቢያንስ የአንድ መሰኪያ ስፋት ክፍተት መኖር አለበት። ይህንን ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል።

ኃይሉም እንደዚሁ ነው። መሰኪያው ለካርዱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ሲሆን የቀረው በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ በገመድ ይመጣል። ሁለቱ ካርዶች፣ ፕሮሰሰሩና ሌላው ተደምሮ 450 ዋት ገደማ ስለሚሆን 650 ዋት ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልጋል። አንዱን ገመድ በማባዣ ለሁለት ከፍሎ መጠቀም ግን ገመዱን ማቃጠል ነው።

ተማሪው ማስመሪያውን ይዞ ወደ ሱቁ ተመለሰ። በርካሹ ቦርድ ላይ ክፍተቱ በቂ ሆኖ ስላገኘው ገዛው፤ የተረፈውን ብር በፓወር ሰፕላዩና በሁለት ተጨማሪ ማራገቢያዎች ላይ አዋለው። ለጊዜው ካርዱ አንድ ነው፤ ሁለተኛውን ለሚቀጥለው የሩዝ አዝመራ አቆይቶታል።