እጅ ሲከዳ፦ በጎልፍ የቅርብ ርቀት ጨዋታ የሚከሰተው ‘ዪፕስ’ እና ለፍጹም ቅጣት ምት ሥልጠና የሚሰጠው ትምህርት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ለዓመታት የተካነ የጎልፍ ተጫዋች አጭርና ቀላል ምት ሊመታ ሲል እጁ ሳይታዘዝለት የሚነጥርበት፣ የሚንቀጠቀጥበት ወይም ድርቅ የሚልበት ችግር ‘ዪፕስ’ ይባላል። ይህ ጽሑፍ በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት ችግሮች ቢያንስ ሁለት መሆናቸውን፣ ለአንዱ የሚበጀው መፍትሔ ሌላውን ሊያባብስ እንደሚችል፣ ስለዚህም ከማከም በፊት መለየት እንደሚገባ ያሳያል። በመጨረሻም አሠልጣኞች ያለ ውድ መሣሪያ ሊጠቀሙበት የሚችሉ የመለያ ቅደም ተከተል ያቀርባል።

1. መግቢያ

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከ31 ዓመታት በኋላ በተመለሰበት የአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታውን በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከተማ ከዛምቢያ ጋር አደረገ። ሳላዲን ሰይድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂው ኬኔዲ ምዌኔ አዳነበት። ቡድኑ በአሥር ሰው ቢቀርም በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ተለያየ። ከእንዲህ ዓይነት ምት በኋላ በየሻይ ቤቱ የሚሰጠው ፍርድ አጭር ነው፤ “ፈራ” ይባላል። ሆኖም አንድ የተመለሰ ምት ብቻውን ስለ መቺው መንፈስም ሆነ ስለ ጡንቻው የሚያረጋግጠው ነገር የለም፤ ግብ ጠባቂውም ሥራውን ሠርቷልና።

ችግሩ ጥናት የሚሻው ሲደጋገም ነው። በልምምድ ሜዳ አሥሩንም የሚያስቆጥር ተጫዋች በውድድር ቀን እግሩ ሲተሳሰር አሠልጣኙ ሁለት ምክሮችን ይለግሰዋል፦ “አተኩር” እና “ደጋግመህ ተለማመድ”። እነዚህ ምክሮች መቼ እንደሚጠቅሙና መቼ እንደሚጎዱ ለመረዳት ጎልፍ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ጎልፍ በአገራችን የጥቂቶች ስፖርት ቢሆንም፣ የዚህ ዓይነቱ ችግር በስፋት የተመረመረው በእርሱ ነውና።

2. የቅርብ ርቀት ምት ለምን ይከብዳል?

በገና ጨዋታ ሩሯን በሙሉ ኃይል የሚመታ ሰው ዱላውን አንዴ ካወናጨፈ በኋላ እንቅስቃሴው በራሱ ግስጋሴ ይጠናቀቃል፤ መሐል ላይ ለማረም ፋታ የለም። የጎልፍ ረጅም ምትም እንዲሁ ነው። ኳሷን በሣሩ ላይ አንከባልሎ ወደ ጉድጓዱ የማስገባት ምት ግን ትንሽና ዝግ ያለ ነው። ኳሷ ቆማ ትጠብቃለች፤ ተጫዋቹ የማሰቢያ ጊዜ አለው፤ ርቀቱ አጭር በመሆኑም ሁሉም ሰው እንደሚያገባው ይጠብቃል። ለእጅ ጥቃቅን ስሕተትና ለአእምሮ ጣልቃ ገብነት በር የሚከፍቱት እነዚህ ሦስት ሁኔታዎች ናቸው። ፍጹም ቅጣት ምትም የቆመ ኳስን፣ የማሰቢያ ጊዜንና “ይገባል” የሚል ግምትን ይጋራል።

3. አንድ ስም፣ ሁለት ችግር

‘ዪፕስ’ የሚለውን ቃል በማስፋፋት የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1927 የአሜሪካ ኦፕን አሸናፊ የነበረው ቶሚ አርሞር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤይንስሊ ስሚዝና ባልደረቦቿ ችግሩን በሁለት ዓይነት ከፈሉት።

የመጀመሪያው ዲስቶኒያ ነው። ይህ በአንድ የተወሰነ ተግባር ላይ ብቻ የሚከሰት የእንቅስቃሴ መታወክ ሲሆን፣ ብዙ በሚጽፉ ሰዎች ላይ ብዕር ሲይዙ ብቻ ከሚታየው የእጅ መኮማተር ጋር ይዛመዳል። ቻርልስ አድለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ችግሩ ካለባቸው ጎልፈኞች መካከል በከፊሎቹ ላይ የእጅ አንጓን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ጡንቻዎች በአንድ ጊዜ ሲኮማተሩ ተመዝግቧል። ተቃራኒ ሥራ ያላቸው ጡንቻዎች አብረው ሲሳቡ እጅ መድረቁ ወይም መንጠሩ አይቀርም። እዚህ ላይ ድፍረት ማጣት ዋናው ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው በጫና ሥር መደናቀፍ ነው። ተጫዋቹ በውጤቱ ሲጨነቅ፣ በልምምድ ብዛት በራሱ የሚሄደውን እንቅስቃሴ ደረጃ በደረጃ ለመቆጣጠር ይሞክራል፤ የተሰፋውን መልሶ እንደመተርተር ነው። ሲያን ባይሎክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረቡት ጥናት፣ ልምድ ያላቸው እግር ኳስ ተጫዋቾች በቀኝ እግራቸው ኳስ ሲገፉ የትኛው የእግራቸው ክፍል ኳሷን እንደነካ እንዲከታተሉ ሲታዘዙ ብቃታቸው ቀነሰ። በደካማው ግራ እግራቸው ሲገፉ ግን ይኸው ትኩረት ጠቀማቸው። ስለዚህ “እግርህን ተመልከት” የሚለው ትእዛዝ ለጀማሪ መድኃኒት ሲሆን ለባለሙያ እንቅፋት ይሆናል።

ሁለቱ ችግሮች ፈጽሞ የተነጣጠሉ አይደሉም። ጭንቀት ዲስቶኒያን ያባብሳል፤ የማይታዘዝ እጅም ጭንቀትን ይወልዳል።

4. የበርንሃርድ ላንገር ምሳሌነት

ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር የሁለቱንም ልዩነት ያስተምራል። በዪፕስ በተደጋጋሚ የተቸገረው ይህ ተጫዋች የዱላ አያያዙን ደጋግሞ ለውጧል፤ በአንድ ወቅት የዱላውን እጀታ ከግራ ክንዱ ጋር በቀኝ እጁ አጣብቆ ይዞ ይመታ ነበር፤ በኋላም ወደ ረጅም ዱላ ተሻገረ። የማስተርስ ውድድርን እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1993 አሸንፏል። እ.ኤ.አ. በ1991 የራይደር ካፕን ዕጣ የሚወስን የሁለት ሜትር ገደማ ምት ሲስት ብዙዎች አበቃለት ብለው ነበር፤ በቀጣዩ ሳምንት ግን የጀርመን ማስተርስን አሸነፈ። ያ የሳተው ምት አንድ ስሕተት እንጂ ሕመም አልነበረም። ሕመሙን ደግሞ ያሸነፈው እንቅስቃሴውን በመለወጥ ነው፤ በወኔ ብቻ አልነበረም።

የዚህ መንገድ ወሰን የጨዋታው ሕግ ነው። ሳም ስኒድ ኳሷን በእግሮቹ መካከል አድርጎ መምታት ሲጀምር ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ከለከሉት፤ እርሱም ወደ ጎን ዞሮ መምታትን መረጠ። ዱላን በሰውነት ላይ አስደግፎ መምታትም እ.ኤ.አ. ከጥር 2016 ጀምሮ ተከልክሏል።

5. የመለያና የማስተካከያ ቅደም ተከተል

ከላይ ከቀረበው በመነሳት ለአሠልጣኞች የሚከተለው ይመከራል።

ሀ. መመዝገብ። ተጫዋቹ ብቻውን፣ በጓደኞቹ ፊት እና በውድድር ያደረጋቸው ምቶች ለየብቻ ይጻፉ። ችግሩ ሰው ሲበዛ ብቻ የሚመጣ ከሆነ በጫና መደናቀፍ ይጠረጠራል። ብቻውን ሆኖም እጁ ወይም እግሩ የሚነጥር ከሆነ ዲስቶኒያ ሊሆን ይችላል።

ለ. መለወጥና ማስተያየት። አያያዙን፣ እጁን ወይም መሣሪያውን ቢለውጥ ንጥረቱ ወዲያው ይጠፋል? እንዲህ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ዲስቶኒያ ያጋድላል። ይህ ግን የሕክምና ምርመራን አይተካም፤ ችግሩ ከቀጠለ ወደ ነርቭ ሐኪም መላክ ይገባል።

ሐ. በጫና ለሚደናቀፍ። ትኩረቱን ከአካሉ አውጥቶ ዒላማው ላይ ማኖር ይረዳል። ጆአን ቪከርስ እንዳሳየችው፣ የተካኑ ጎልፈኞች ከመምታታቸው በፊት ዓይናቸውን በኳሷ ላይ ረጋ አድርገው ያቆያሉ። ዩርገን ቤክማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ቀኝ እጃቸውን የሚጠቀሙ ስፖርተኞች ከመምታታቸው በፊት በግራ እጃቸው ኳስ መጭመቃቸው በጫና ሥር ከሚደርሰው የብቃት መውረድ ጠብቋቸዋል፤ ከተፈተኑት ተግባራት አንዱ ፍጹም ቅጣት ምት ነበር። ልምምዱም ታዛቢ ባለበት ይሁን፤ ባዶ ሜዳ ላይ የሚመታ መቶ ኳስ ለሞላ ስታዲየም አያዘጋጅም።

መ. ዲስቶኒያ ላለበት። ያንኑ እንቅስቃሴ መደጋገም ስሕተቱን ሊያሰርጸው ስለሚችል ድግግሞሹ ይቀነስ፤ በሕጉ ወሰን ውስጥ አዲስ አያያዝ ከመነሻው ይገንባ።

ሠ. ለጀማሪ። ሪች ማስተርስ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ሙከራ፣ የጎልፍ ምትን ፊደላት በዘፈቀደ እየጠሩ፣ ያለ ቃል ትምህርት የተማሩ ሰዎች በጫና ሥር ብቃታቸው አልወረደም። የመመሪያ ብዛት በኋላ ለጭንቀት ስንቅ ይሆናል። አሠልጣኝ ቃሉን ቢቆጥብ ገና ከጅምሩ መከላከያ ይሰጣል።

6. ማጠቃለያ

በፕሪሚየር ሊጉ የተጫወተው ወልቂጤ ከተማ ክለብ ባለባት በዚህች ከተማ ታዳጊዎች በየሜዳው ፍጹም ቅጣት ምት ይለማመዳሉ፤ በየፑል ቤቱም በዱላ ኳስ ይገፋሉ። ከላይ የተጠቀሰውን ምዝገባ ለመጀመር ደብተርና ብዕር ይበቃል፤ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም በአካባቢያችን ያልተነካ የጥናት መስክ ነው። “ፈሪ” የሚለው ስም የተለጠፈበት ታዳጊ ብዙ ጊዜ ኳሷን ለሌላ ይሰጣል፤ ቀጥሎም ሜዳውን ይተዋል። ከእርሱ ጋር የሚጠፋው ችሎታ አንድን ሳምንት በምዝገባ ከማሳለፍ ይልቅ እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ አሠልጣኝ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ይህ ተጫዋች ብቻውን ሲሆን ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቅ።