ፈረሱ ለምን ረዘመ?

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ከሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል የተቀረጸ አሮጌ ምስል በአዲስ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ አንዳንድ ጊዜ ፈረሱ እግረ አጭር፣ ጋላቢውም ከመጠን በላይ ወፍራም ይሆናል። መሣሪያው ግን አልተበላሸም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የምስሉ ስፋት ለቁመቱ 4 ለ3 ነበር፤ የዛሬው መስኮት 16 ለ9 ነው። አሮጌው ምስል አዲሱን መስኮት እንዲሞላ ሲለጠጥ ስፋቱ 1.33 እጥፍ ይሆናል፤ ቁመቱ አይለወጥም። በመደበኛ ጥራት ዲጂታል ሥርጭት ደግሞ የተለመዱት 720 በ576 ነጥቦች ሁለቱንም ቅርጾች ይሸከማሉ። የትኛው እንደሆነ ለሪሲቨሩ የሚነግረው አብሮ የሚላክ ምልክት ነው።

ስለዚህ ለጥገና ከመክፈል በፊት ማስመሪያ ይያዙ። ከፊት ለፊት የተቀረጸ የግድግዳ ሰዓት ሲታይ ስፋቱን ለቁመቱ ያካፍሉ፤ ውጤቱ 1 ከሆነ ምስሉ ትክክል ነው፣ 1.33 ከሆነ ተለጥጧል፣ 0.75 ከሆነ ተጨምቋል። (የዘንገና ሐይቅ ክብ ቢሆንም መለኪያ አይሆንም፤ ከዳር ሲቀረጽ በትክክለኛ መስኮትም ሞላላ ነው።)

በሪሲቨሩ ማስተካከያ የቴሌቪዥኑን ቅርጽ 16 ለ9 ያድርጉ። ጣቢያው ራሱ ለጥጦ ከላከው ግን ቴሌቪዥኑን ወደ 4 ለ3 ይቀይሩ። ያን ጊዜ ግራና ቀኙ ይጠቁራል፤ ከመስኮቱ ሩብ ያህሉ ባዶ ይቀራል። ይህን ጠልተው ምስሉን የሚያጎሉ ብዙዎች ናቸው። ማጉላት ግን ከትክክለኛው ምስል ቁመት ሩቡን ይቆርጣል፤ የጋላቢው ራስ ወይም የፈረሱ ኮቴ ይጠፋል። እኔ ጥቁሩን እመርጣለሁ።