ስብ ለአንጎል የሚልከው መልእክት

በሰውነታችን ያለው ስብ ዝም ያለ የምግብ ጎተራ ይመስላችኋል? አይደለም፤ ጎተራው ምን ያህል እንደቀረው ለአንጎል ይናገራል። መልእክተኛው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ነው። ስሙ «ቀጭን» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቻቸው በኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ አይጦችን ሲመራመሩ ደርሰውበት እ.ኤ.አ. በ1994 አስታወቁ።

ሌፕቲን ከ146 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ፕሮቲን ነው። ለምርምር ሲፈለግ ከሰው ስብ አይቀዳም። የሰው የሌፕቲን ጂን ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ ውስጥ ይገባል፤ ባክቴሪያው እየተራባ ፕሮቲኑን ይሠራል፤ ከዚያም ተጣርቶ ይወጣል። ለቤተ ሙከራ የተዘጋጀው ለሕመምተኛ አይሰጥም።

ስብ ሲቀንስ ሌፕቲንም ይቀንሳል። ያኔ አንጎል ረሃብን ያበረታል፤ ጉልበት ይቆጥባል፤ የልጃገረዶች የወር አበባም ሊቋረጥ ይችላል።

ወላጆች ሆይ! ራሽን ሲያንስ ልጅ ምግብ ምግብ ቢል ሆዳም፣ ቢዝል ሰነፍ አትበሉት። ሰውነቱ ራሱን እየጠበቀ ነው። እየከሳ ከሄደ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መድኃኒቱ ምግብ እንጂ ሆርሞን አይደለም።

የመልመጃ ጥያቄዎች፦
1. ሌፕቲንን የሚያመነጨው ምንድን ነው?
2. ባክቴሪያ የሰውን ፕሮቲን ሊሠራ የቻለው እንዴት ነው?