ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር
(ለዕጩ መምህራን የቀረበ የጥናት ጽሑፍ)

አብዛኞቻችን ሥልጠናችንን ስንጨርስ የምንመደበው በገጠር ት/ቤቶች ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከዚያም ወዲያ ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር የሰው ነፍስ ሲጠፋ ነገሩ የሟችና የገዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ገበያውን፣ ማኅበሩን፣ ደቦና ወንፈሉን፣ የመማሪያ ክፍሉንም ይነካል። ገዳዩ ያልታወቀ እንደሆነማ ይብሳል። ለምን ቢሉ፣ ከዚህ በታች በአራት ክፍል እንመለከተዋለን።

ሀ) የዋይትቻፕል ግድያዎች

ገዳያቸው ሳይያዝ ከቀሩ ተከታታይ ግድያዎች መካከል በዓለም እጅግ የታወቁት በለንደን ከተማ በዋይትቻፕል ሰፈር የተፈጸሙት ናቸው። ጊዜው በአገራችን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የነገሡበት ዘመን ነበር። ከነሐሴ 26 ቀን 1880 እስከ ኅዳር 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ በ70 ቀን ውስጥ፣ ሜሪ አን ኒኮልስ፣ አኒ ቻፕማን፣ ኤልዛቤት ስትራይድ፣ ካትሪን ኤዶውስና ሜሪ ጄን ኬሊ የተባሉ 5 ሴቶች ተገደሉ። ሁሉም ድሆች ነበሩ። ብዙ አጥኚዎች የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው ይላሉ። የለንደን ፖሊስ የጣት አሻራ ክፍል ያቋቋመው በ1893 ዓ.ም. ስለሆነ በዚያን ጊዜ መርማሪው ይበልጡን የሚመካው በዓይን ምስክርና በጥቆማ ነበር። ገዳዩም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ታዲያ ሰፈሩ ምን ሆነ? በመጀመሪያ ጥርጣሬው የወደቀው በመጤው ላይ ነው። ከሩሲያና ከፖላንድ ተሰድደው የመጡ አይሁዶች በሰፈሩ ይኖሩ ነበርና «የእኛ ሰው ይህን አያደርግም» ተባለ። አንድ አይሁዳዊ ጫማ ሠሪ በወሬ ብቻ ተይዞ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ከግድያው ቦታ ራቅ ብሎ በግድግዳ ላይ አይሁዶችን የሚያነሣ ጽሑፍ ሲገኝ፣ የፖሊሱ አዛዥ ሕዝቡ እንዳይነሣባቸው ሠግቶ ፎቶግራፍ እንኳ ሳይነሣ አስጠፋው። ነጋዴዎች ደግሞ የጥበቃ ኮሚቴ አቋቁመው ሌሊት ሌሊት ሰፈሩን ማስጠበቅ ያዙ።

ሁለተኛው ጉዳት በስም ላይ የደረሰ ነው። ገዳዩ የሚጠራበት «ጃክ» የሚለው ስም የመጣው ለአንድ የዜና ድርጅት ከተላከ ደብዳቤ ሲሆን፣ ደብዳቤውን የጻፈው ጋዜጠኛ ሳይሆን እንደማይቀር ፖሊሶች ኋላ ገምተዋል። ዛሬ ያ የፈጠራ ስም በዓለም ሁሉ ይታወቃል፤ የአምስቱን ሴቶች ስም ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ግድያው የተፈጸመበትን መንገድም አስጎብኚዎች በገንዘብ ያስጎበኙታል።

ለ) በአገራችን ያልታወቀ ጥፋተኛ እንዴት ይፈለግ ነበር?

በአገራችን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል የቆየ ሥርዓት ነበር። ጥፋተኛው ያልታወቀ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ሽማግሎች ተመርጠው፣ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ ይጠየቃል። የቀረ ይቀጣል። ሥርዓቱ ጥሩ ጎን ነበረው፤ ይኸውም ምስጢሩን የሚያውቅ ጎረቤት እንዲናገር ኅብረተሰቡ በሙሉ ኃላፊነት መውሰዱ ነው። ክፉ ጎኑ ደግሞ ሰው ከሥራው ተፈትቶ ሲውል ሲያድር፣ ለመገላገል ሲል ብቻ ጠላቱን ወይም ጠያቂ የሌለውን ሊጠቁም መቻሉ ነው።

ከዚህ የከፋው ሌባ ሻይ ነበር። ለስርቆት ፍለጋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየነዱት ሲሄድ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ከዋይትቻፕሉ ጫማ ሠሪ ጋር እናነጻጽረው። በሁለቱም ዘንድ ጣት እንጂ ማስረጃ አልነበረም።

ሐ) ዕርቅ የማይደርስበት ቁስል

በጎጃም ገጠር ደም የመመለስ ልማድ ብዙ ቤት እንዳፈረሰ እናውቃለን። ሆኖም ገዳዩ ሲታወቅ መድኃኒት አለው፤ ሽማግሌ ይገባል፣ ካሳ ይከፈላል፣ ሁለቱ ወገኖች ይታረቃሉ። ሽማግሌ የሚያስታርቀው ግን ሁለት ወገን ሲኖር ነው። ገዳዩ ካልታወቀ ከማን ጋር ይታረቃሉ? ቤተ ሰቡ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠረጠረ ይኖራል፤ በጥርጣሬ ብቻ ደም ሊመልስ የተነሣም ንጹሑን ገድሎ አዲስ ደመኛ ያፈራል። እንግዲህ የአንዱ ሞት የብዙዎች ሞት መጀመሪያ ሆነ ማለት ነው።

ሕጉም ገደብ አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል የክስ ይርጋውን 25 ዓመት አድርጎታል። የሟች ልጅ ልብ ግን ይርጋ የለውም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ! በሌላ በኩል በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ የመገመት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ፍርድ ቤት የተከሰሰውን ንጹሕ ነው ብሎ ከጀመረ፣ ያልተከሰሰውን እኛ በጠላ ቤት ወሬ ገዳይ ማለት እንዴት እንችላለን?

መ) የመምህሩ ድርሻ

የሟችም ልጅ፣ የተጠርጣሪውም ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይጠብቁናል። ስለሆነም፦

1. የመንደሩን ወሬ በክፍል ውስጥ አናንሣ፤ ሕፃናትንም ስለ ቤታቸው ነገር ምስጢር አናውጣጣ።
2. «የገዳይ ልጅ» የሚል ስድብ በሰማን ጊዜ በዝምታ አንለፈው። ያ ልጅ ነገ ከትምህርት ሲቀር ምክንያቱ ያ ቃል ሊሆን ይችላል።
3. በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «አየሁ»፣ «ሰማሁ»፣ «ጠረጠርሁ» የሚሉትን ሦስት ቃላት ለይተው ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩ እናስለምዳቸው። ልምምዱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ነገ ምስክር የሚሆነው የዛሬው ተማሪ ነው።
4. በእውነት ያየ ሰው ካለ ወደ ፖሊስ ሄዶ እንዲናገር እንምከር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አፈርሳታ ምን ጥቅም ነበረው? ምን ጉዳትስ?
2. በዋይትቻፕል ጥርጣሬው በመጤዎች ላይ ለምን ወደቀ? በምታውቁት መንደር እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማን ይመስላችኋል? ለምን?
3. አባቱ በሰፈር ወሬ የተጠረጠረ የ3ኛ ክፍል ተማሪ ት/ቤት መምጣት ቢያቆም፣ እንደ መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ምን ታደርጋላችሁ?