አጃው ምን መታው? ለደጋ አርሶ አደሮች የመኸር ወቅት ምክር

ነሐሴ ገፋ ሲል የአጃ ቅጠል ጨብጠው ወደ ልማት ጣቢያው የሚመጡ አርሶ አደሮች ይበዛሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ምን መድኃኒት ልርጭበት?» እኛ ደግሞ መልሰን እንጠይቃለን። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በፊት ዝናቡ እንዴት ነበር? ማሳው ረባዳ ነው ወይስ ተዳፋት? የተበላሸው ማሳው ሙሉ ነው ወይስ እዚህም እዚያም? ይህን የምንጠይቀው በአጃ ላይ አየሩ ያደረሰው ጉዳትና በሽታ ያደረሰው ጉዳት ስለሚመሳሰሉ ነው። አየሩ ላጠፋው የሚረጭ ነገር የለም፤ ለበሽታውም ቢሆን ጊዜው ካለፈ ገንዘብ ማሳ ላይ መድፋት ነው።

ይህ ምክር በደብረ ብርሃን ዙሪያና በመሰል ደጋዎች አጃን በዋናነት ለመኖ ለሚዘሩ ተዘጋጀ። በጎጃም እንግዶ ብለው ለምግብ የሚዘሩትም አብዛኛው ይሠራላቸዋል።

ከዘሩ እንጀምር። መስከረም ላይ ዛላው ጥቁር ዱቄት ሆኖ ሲወጣ «ዘንድሮ አረማሞ ገባብኝ» ይባላል። አረማሞው የገባው ግን አምና ነው። ዱቄቱ ከታመመው ዛላ በንፋስ ተነሥቶ ጤነኛው ፍሬ ላይ ያርፋል፣ ገለባው ሥር ተደብቆ ይከርማል፣ ዘሩ ሲበቅል አብሮት ያድጋል። የስንዴ ብናኝ አረማሞ በዘሩ ሆድ ውስጥ ስለሚያድር አስቸጋሪ ነው፤ የአጃው ግን ከዘሩ ላይኛ ክፍል ስለማይርቅ በዘር ማከሚያ ፀረ ፈንገስ በደንብ ይያዛል። ማከሚያ ካልተገኘ አረማሞ ከታየበት ማሳ ዘር አለመውሰድ ይሻላል። የታከመ ዘር ቢተርፍ ለሰውም ለከብትም አይሰጥም።

ሐምሌ ላይ ዋናው ጠላት ውሃ ነው። አጃ ከገብስ ይልቅ እርጥበትንና አሲዳማ መሬትን ይችላል፤ ታዲያ ይህን ሰምተው መረሬው ላይ ያለ ቦይ የሚዘሩ አሉ። ሥሩ አየር ሲያጣ የታችኛው ቅጠል ቀድሞ ቢጫ ይሆናል፣ ውሃ የቋጠረው ጎድጓዳ ቦታም ቅርጹን ጠብቆ ይታያል። ይህ በሽታ አይደለም። መጀመሪያ ውሃውን በቦይ አጠንፍፉት፣ ከዚያ ዩሪያ ጨምሩ። ውሃ በተኛበት ላይ የተበተነ ዩሪያ አብዛኛው ይባክናል።

ክረምቱ መሐል ላይ ዝናቡ ለሳምንት ለአሥር ቀን ሲቋረጥ ደግሞ ክሽክሽ ይራባል። ከባድ ዝናብ ያጥበዋል፤ ፀሐይ ሲሆን ይበዛል። ክሽክሹ የሚመጠው ፈሳሽ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ የገብስ ቢጫ አቀጭጭ የሚባለውን ቫይረስ ከተክል ወደ ተክል ያዛምታል። ገብስን ቢጫ የሚያደርገው ይህ ቫይረስ አጃን ያቀላል። ከሌሎቹ የብርዕ ሰብሎችም ይልቅ በአጃ ላይ ያይላል። ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ይቀላል፣ ተክሉ ይቀጭጫል፣ የተጠቃው ቦታ በማሳው ዳርና እዚህም እዚያም ክብ ክብ ሆኖ ይታያል። ማሳው ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነና የወየበው አሮጌው ቅጠል ብቻ ከሆነ የማዳበሪያ እጥረት ወይም ብርድ ጠርጥሩ። ቅጠሉ ከቀላ በኋላ ፀረ ተባይ መርጨት ዋጋ የለውም፤ ቫይረሱ ገብቷል፣ አይወጣም። ከዘር ወደ ዘርም ሆነ በአፈር ስለማይተላለፍ ግን የሚቀጥለው ዓመት አጃ ከዚህ ማሳ በወረሰው አይታመምም።

አሁን ወደ ዋጉ። የአጃ ቅጠል ዋግ ብርቱካንማ ዱቄት ነው፤ ጣታችሁን ብታሳልፉበት ይቀባችኋል። የሚወደው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ የሆነ ቀንና ቅጠሉ ላይ ጠል የሚያድርበት ሌሊት ነው። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም፣ ዝናቡ ቀለል ብሎ ቀኑ ሲሞቅ፣ ሁለቱም ይገናኛሉ። አየሩ ከተስማማው ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ አዲስ ዱቄት ያበናል፤ ዛሬ ጥቂት ቅጠል ላይ ያያችሁት በወር ውስጥ ማሳውን ሊያለብሰው ይችላል። የግንድ ዋግ ደግሞ ሙቀት ሲጨምር ይመጣል፤ ጥቁር ቀይ ነው፣ የአገዳውን ቆዳ ቀዶ ይወጣል፣ አገዳው እንዲሰበር ያደርጋል።

እዚህ ላይ በየዓመቱ የሚደገም ስህተት አለ። የጎረቤት ስንዴ ቢጫ ዋግ ሲመታው አጃ ያለው ይደነግጣል። የስንዴው ቢጫ ዋግ አጃ ላይ አይወጣም፤ የስንዴ ግንድ ዋግና የአጃ ግንድ ዋግም ስማቸው ቢመሳሰልም አንዱ የሌላውን ሰብል አይነካም። አጃን የሚያስፈራው ሲናር ነው። ሲናር የአጃ ዘመድ ስለሆነ ሁለቱንም የአጃ ዋጎች ይሸከማል፤ በድንበርና በቦይ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ሲከርም ዋጉንም አብሮ ያከርማል። ሳይዘራ የበቀለ አጃም እንደዚሁ። ዘር ሳይጥል ማረም የሚገባው ለምርቱ ብቻ ብለን አይደለም።

መርጨት ወይስ ማጨድ? ለመኖ የዘራ ሰው ለእህል የዘራው የሌለው ምርጫ በእጁ አለ፤ ያጭዳል። ዋጉ ከታች ቅጠል ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር አጃው ማዘርዘር ከጀመረ ዛሬ ታጭዶ ቢደርቅ ይሻላል፤ ሁለት ሳምንት ቢጠበቅ ክብደቱ ሊጨምር ይችል ነበር፣ ዋግ የበላው ቅጠል ግን ለላሟ ብዙም አይጠቅማትም። ለእህል ከሆነ ፀረ ፈንገሱ የሚጠቅመው የመጨረሻው ቅጠል ጤነኛ ሳለ፣ ነጥቡ ገና ሲታይ ነው። የመድኃኒቱ ጽሑፍ ላይ ለአጃ መፈቀዱንና ከርጭት እስከ ማጨድ ስንት ቀን እንደሚያስጠብቅ ሳታነቡ አትርጩ። የተረጨ አጃ በማግሥቱ አጭዶ ለላም መስጠት ወተቱንም መመረዝ ነው።

ዋግ የሚቋቋም ዝርያ አለ ብሎ መተኛትም አያዋጣም። በአሜሪካ ቪክቶሪያ ከተባለው አጃ የተዳቀሉ ዋግ የሚቋቋሙ ዝርያዎች አገሩን ሸፍነውት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዋጉን እንዲቋቋሙ ያደረገው ባሕርይ ራሱ ለሌላ ፈንገስ በር ከፍቶ በሰፊው ተመቱ። ቀበሌው ሁሉ አንድ ዝርያ ባይዘራ ይመረጣል።

ዛላው ሲወጣ የታችኞቹ ፍሬ መያዣዎች ነጭና ባዶ ከሆኑ ፈንገስ አትፈልጉ። ዛላው ገና በአገዳው ውስጥ ሳለ ድርቅ ወይም ሙቀት ሲያገኘው እነዚያን ይጥላል። ዛላው በሙሉ በአንድ ሌሊት ከነጣ ግን ውርጭ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ንፋስ በሌለበት የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ስለዚህ ለእህል የምትፈልጉትን ተዳፋቱ ላይ፣ ለድርቆሽ የምታጭዱትን ረባዳው ላይ ዝሩ።

በመጨረሻ ከብት ስለሚገድለው ነገር። ዝናብ ያጠረው ወይም ውርጭ የመታው፣ ዩሪያ የበዛበት አጃ ናይትሬት ያከማቻል። በተለይ ከድርቅ በኋላ ዝናብ ሲመጣ ሥሩ በአንዴ ይስባል። ዝናቡ ከመጣ በኋላ ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን ሳትጠብቁ አታጭዱ፤ ስታጭዱም ናይትሬቱ የሚበዛው ከአገዳው ሥር ስለሆነ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉ። ማድረቅ አያጠፋውም፤ ገፈራ ማድረግ ግን ይቀንሰዋል። የራበው ከብት አይለቀቅበት፤ መጀመሪያ ጭድ ይብላ፣ አጃው ጥቂት በጥቂት ይጨመርለት። ከብቱ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ከተንገዳገደ፣ የአፉ ውስጥ ከጠቆረ፣ ደሙም ቡናማ ከሆነ መኖውን አንሡና ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ለከርሞ ዘር የሚሆነውን ጥግ ከማጨዳችሁ በፊት ምረጡ፦ አረማሞ የሌለበት፣ ሲናር ያልገባበት፣ ያልጋሸበ። በአራቱ ማዕዘን ዱላ ትከሉበትና ለብቻው እጨዱት፣ ለብቻውም ውቁት።