ከአዳማ ሙቀት ወደ ቦነስ አይረስ ብርድ፦ በሐምሌ ለሚጓዝ ሰው

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ሳኦ ፓውሎ፣ በ2018 ደግሞ መስመሩን አራዝሞ ወደ ቦነስ አይረስ መብረር ከጀመረ ወዲህ፣ አርጀንቲና እንደ ድሮው የዓለም ዳርቻ አይደለችም። ነጋዴ ይሄዳል፣ ተማሪ ይሄዳል፣ በነሐሴ ለሚካሄደው ግማሽ ማራቶን ሯጭ ይሄዳል። ሯጩ የበቆጂ ወይም የአሰላ ልጅ ከሆነ ብርድን እኛ አናስተምረውም። ይህ ምክር አዳማ፣ መተሐራ ወይም ባቱ አድጎ፣ ገና ቃሊቲ ሲደርስ ጃኬት ለሚደርበው ነው።

1. ልብሱን ይደራርቡ
ሐምሌ እዚያም ክረምት ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ክረምት ከዝናቡ ይልቅ በብርዱ መታወቁ ነው። ሌሊቱ ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ይወርዳል፣ ቀኑ 15 ገደማ ነው። እንደ ጥጥ የሚበተን በረዶ አይጠብቁ፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 2007 ከተማዋ ላይ ሲጥል ከ1918 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። የዲግሪው ቁጥር ለአዲስ አበባ ሰው አያስደነግጥም፤ ከተማዋ ዳር ካለው ወንዝ የሚነሳው እርጥበት ግን አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ከአንድ ከባድ ካፖርት ይልቅ ስስ የውስጥ ልብስ፣ ሹራብና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ደርቦ መልበስ ይሻላል። ከሳልባጅ የተገዛም ይበቃል። ጃኬቱን ሻንጣ ውስጥ አይቅበሩት፤ ከአውሮፕላን ሲወርዱ የሚፈልጉት እሱን ነው። ጋቢ መያዝ የሚያፍር ካለ፣ እስከ ሳኦ ፓውሎ ባለው የ12 ሰዓት ገደማ በረራ ላይ ይጸጸታል።

2. ወረቀቱን ያሟሉ
ቪዛ ቀድሞ ይያዛል። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ይወሰዳል፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። በብራዚል በኩል ሲመለሱ የሚጠየቁት ስለሆነ አይጣሉት። ዶላሩ ያልተቀደደና ያልተጻፈበት ይሁን።

3. የእጅ ሰዓትዎን አይንኩት
በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ካሰሩ እዚያም ትክክል ይሠራል። ቦነስ አይረስ ከእኛ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ የእኛ አቆጣጠርም ከዓለም አቀፉ የሚለየው በዚያው በ6 ሰዓት ነው። አዳማ ላይ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ሲሆን እዚያ ጠዋት ነው፣ እነሱም 8 ይሉታል። እናትዎ ጋ ለመደወል ማስላት አያስፈልግም፤ ቁጥሩ አንድ ነው። ስልኩ ብቻ እንደ ልማዱ ራሱን ይቀይራል።

4. ጠዋቱን ይታገሡ
በሐምሌ መጀመሪያ ፀሐይ የምትወጣው በዚያ አቆጣጠር 8 ሰዓት አካባቢ፣ የምትጠልቀው 6 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጎህ በተመሳሳይ ሰዓት ገደማ ሲቀድ ለለመደ ሰው ከብርዱ ይልቅ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ በሰሜን በኩል ዝቅ ብላ ታልፋለች፤ ክፍል ሲከራዩ መስኮቱ ወደ ሰሜን የሚያይ መሆኑን ይጠይቁ።

5. ማሞቂያውን ይመርምሩ
ይህን በችኮላ አይለፉት። ብዙ ቤት የሚሞቀው በጋዝ ምድጃ ነው። ነበልባሉ ሰማያዊ ከሆነ ደኅና ነው፤ ቢጫ ከሆነ አጥፍተው መስኮት ይክፈቱና ለባለቤቱ ይንገሩ። ግድግዳው ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ ብርድ ያስገባል ብለው በጨርቅ እንዳይወትፉት። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ምን እንደሚያደርግ የእኛ ሰው ያውቃል፤ እዚያም ገዳዩ ያው ሽታ የሌለው ጋዝ ነው።

6. ከተማውን ይልመዱ
ኤሴይሳ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሃል ከተማ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለአውቶቡስና ለምድር ባቡር ሱቤ የሚባለውን ካርድ ከመንገድ ዳር ኪዮስክ ይግዙ። ሰላምታው ጉንጭ ለጉንጭ ነው፣ ወንድ ለወንድም ቢሆን። አንዴ ብቻ ስለሆነ ለሁለተኛው ጉንጭ አይጠጉ።

7. ለፍልሰታ ይዘጋጁ
ከነሐሴ 1 እስከ 16 እዚያ ከቆዩ ጾሙ ፈተና አለው፤ አገሩ የሥጋና የአይብ አገር ነው። «ሲን ካርኔ» (ያለ ሥጋ) ማለት ብቻውን አያድንም። ካርኔ ሲባሉ የሚያስቡት የበሬ ሥጋ ስለሆነ ዶሮ ወይም የአሳማ ሥጋ ይመጣልዎታል። ዶሮውንም፣ አይቡንም፣ እንቁላሉንም በየስሙ ይከልክሉ። እራት ከምሽቱ 9 ሰዓት በኋላ፣ በእኛ ከ3 በኋላ ማለት ነው፣ ስለሚበላ ቀን ላይ ዳቦ ይያዙ። መልካሙ ዜና ፒዛ ቤቶች በቁራጭ የሚሸጡት ፋይና ነው፤ የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ ዘይትና ጨው ብቻ። ባለ አይብ ፒዛ ላይ ደርበው የማቅረብ ልማድ ስላላቸው፣ ለብቻው እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይናገሩ።