ከሞተሩ በፊት ፍሬኑን

በሳሪስ አቦ ግቢያችን አሮጌ ጎልፍ ጂቲአይ ለውድድር ሜዳ ብናዘጋጅ ሥራውን ከየት እንጀምራለን? ብዙዎቻችን “ከሞተሩ” እንላለን። እስኪ ነገሩን በፊዚክስ ዓይን እንመልከተው።

በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ጂቲአይ 110 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ሳሪስ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ከአቅሙ ሩብ ያህሉን ያጣል።

የፍሬኑን ሸክም ግን ከፍታው አያቀልለትም። መኪናውና ነጂው በድምሩ 1,000 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ የእንቅስቃሴ ጉልበታቸው 200 ኪሎ ጁል ነው፤ በ144 ግን 800 ይደርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። መኪናው ሲቆም አብዛኛው ጉልበት በፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀቱን በሚገባ አይወስድም።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት የገባበት ግን በ155 ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ስለሚታመቅ ፍሬኑ ቢረገጥም አይዝም።

ስለዚህ በቅድሚያ ዘይቱን እንለውጥ፣ አየሩን እናስወጣ፣ ሸራውንና ዲስኩን እንፈትሽ። ቀጥሎ ክብደት እንቀንስ። የሞተሩ ተራ ከዚያ በኋላ ነው።

መልመጃ፦ መኪናው 100 ኪሎ ግራም ቢቀልል፣ በሰዓት 144 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ፍሬኑ ከስንት ኪሎ ጁል ይድናል?